ሱሉልታ – ፒያሳ በብስክሌት፦ የሜሪኖ ሱፍ ካናቴራና ሁዲ የለበሰ አለ?

ሱሉልታ_ማዶ | ሰኞ፣ ምሽት 2:10

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ ነው። የታክሲ ሰልፍ ስለሰለቸኝ በብስክሌት ነው የምመላለሰው። ክረምቱን በዝናብ ልብስ እንደምንም ተወጣሁት፤ የከበደኝ የአሁኑ ብርድ ነው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነው የሚጠብቀኝ። ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት ስወጣ ይሞቀኛል፣ ያልበኛልም። ጫፉ ላይ ደርሼ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስለቅ ግን ያ ላብ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዝና ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። ቢሮ ስደርስ ቁልፍ ለማዞር እንኳን ጣቴ አይታዘዘኝም።

የምለብሰው ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት ነው።

እህቴ ለገና ከሙኒክ ትመጣለች። ሻንጣዋን የሰው አደራ ስለሞላው ለእኔ ሁለት ልብስ ብቻ ነው የምትይዝልኝ። «ሜሪኖ የሚባል ሱፍ አለ፤ 150፣ 200፣ 250 ይላል፤ የቱን ላምጣ? ሁዲም አለው» አለችኝ። እኔ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። በከንቱ እንዳላስወጣት የለበሰ ካለ ይምከረኝ።

---

ቀጭን_ጎማ | ሰኞ፣ ምሽት 2:48

ወንድሜ፣ ጠላትህ ብርዱ አይደለም፣ ላብህ ነው። ወፍራም ሹራብ በደረብክ ቁጥር ዳገቱ ላይ ይበልጥ ያልብሃል፤ ቁልቁለቱ ላይ ይበልጥ ትቀዘቅዛለህ።

መጀመሪያ የጥጡን ካናቴራ አውልቅ። ጥጥ ላቡን ይጠጣና ገላህ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ለመድረቅ የሚፈልገውን ሙቀት ከአንተ ነው የሚወስደው። ሱፍ ሌላ ነው። ከራሱ ክብደት ሲሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት በጠጉሩ ውስጥ ይዞ ስትነካው ደረቅ ይመስልሃል። እርጥበቱን በሚስብበት ሰዓት ደግሞ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። በጣም ከራሰ እሱም ይቀዘቅዛል፣ ተአምር አይደለም፤ ግን እንደ ጥጥ አይከዳህም።

ቁጥሩ የጨርቁ ክብደት ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግርሃል። 150 ስስ፣ 200 መካከለኛ፣ 250 ወፍራም። 250 ለበረዶ አገር ሰውና ለመኝታ ጥሩ ነው፤ አንተ ግን ዳገቱን ሳትጨርስ ትቀቀልበታለህ። ላንተ 150፣ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ ላይ አጭር ዚፕ ያለው። ዳገት ላይ ዚፑን ትከፍታለህ፣ ጫፍ ላይ ትዘጋለህ።

አሁን ሰዎች የሚረሱት ነገር፦ ሱፍ ነፋስ አያቆምም። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ፊትህ ላይ የሚሰማህ ብርድ ከዜሮ በታች ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዕቃ ሁዲ መሆን የለበትም። ደረቱ ነፋስ የማያሳልፍ፣ ጀርባው ወንፊት የሆነ ስስ ሰደርያ አስመጣ። ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጫፍ ላይ ቆም ብለህ ትለብሰዋለህ፣ አዲሱ ገበያ ስትደርስ ታወልቀዋለህ።

---

ፖሊስተር_ነኝ | ሰኞ፣ ምሽት 3:05

ይቅርታ ግን ይሄ የሜሪኖ ነገር ትንሽ ተጋኗል። መርካቶ የሚሸጠው ተራ የስፖርት ካናቴራ ላብ ያወጣል፣ ከሱፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ቢቀደድ አያስለቅስም። በአንድ የሜሪኖ ዋጋ ሙሉ ቤተሰብ ታለብስበታለህ። ከሱሉልታ ፒያሳ የአልፕስ ተራራ ማቋረጥ አይደለም እኮ።

---

ቀጭን_ጎማ | ሰኞ፣ ምሽት 3:19

@ፖሊስተር_ነኝ ቶሎ መድረቁን አልክድም፤ እውነት ነው። ከሙኒክ የሚመጣ ዘመድ ለሌለው ሰው ፖሊስተር ከነሰደርያው በቂ ነው፣ እኔም እሱን ነው የምመክረው። ግን ይሄ ልጅ ደርሶ ቢሮ ይቀመጣል። ፖሊስተር የላብ ሽታ ይይዛል፤ ታጥቦም ሲሞቅ መልሶ ይሸታል። ሜሪኖን ማታ መስኮት ላይ ብታንጠለጥለው ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። ከጎኑ የሚቀመጠውን ሰውም አስብለት።

---

ፖሊስተር_ነኝ | ሰኞ፣ ምሽት 3:22

በላብ ሽታው ነገር ተረታሁ 😂 በዋጋው ግን አልተረታሁም።

---

መርካቶ_ልጅ | ሰኞ፣ ምሽት 3:40

ሙኒክ ድረስ ምን አስኬደን? ሳልቫጅ ውስጥ እየተገላበጠ ነው ያለው። ሻጩ አያውቀውም፣ «ስስ ሹራብ» ብሎ ነው የሚሰጥህ። ችግሩ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተቆርጧል፤ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክርም አይቶ ለሚገዛ ሰው ሱፍ ይመስላል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በታችኛው ቅምቅማት በኩል ከውስጥ አንዲት ክር ትመዛለህ፣ ክብሪት ትጭራለህ። ሱፍ ከሆነ ከእሳቱ ይሸሻል፣ በግድ ነው የሚነደው፣ እሳቱን ስታርቀው በራሱ ይጠፋል። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የቀረውን ጥቁር ነገር በጣትህ ስትፈጨው ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ የማይፈጭ ጠንካራ ጠብታ ይቀራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ይነዳል። ሽታውም ጠብታውም አንድ ላይ ከመጡ ቅይጥ ነው።

ክሯን ግን ከፍለህ ከጨረስክ በኋላ ወይም ሻጩን አስፈቅደህ ምዘዝ፤ ክብሪት ስትጭር ሲያዩህ የሚሉትን ሰምቻለሁ።

ሌላው፣ ልብሱን ወደ ፀሐይ ዘርጋው። ብል የበላው እንደ መርፌ ቀዳዳ ቀዳዳ ብርሃን ያሳይሃል። ብብቱንና ክርኑን በተለይ እየው።

---

ሱሉልታ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:30

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የክብሪቱን ነገር ቢሮ ሳወራው አንዱ የራሱን «ሱፍ» ሹራብ ክር መዞ ሞከረ፤ ጠብታ። ፊቱን ብታዩት!

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ላፕቶፕ ስለምይዝ ጀርባዬ ላይ ቦርሳ አለ፤ ስሱ ሱፍ ይችለዋል? ደግሞ ሱፍ ሲባል ትዝ የሚለኝ አንገት የሚበላው ሹራብ ነው። ይሄስ አያሳክክም?

---

የመንዝ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:15

የማሳከኩን ለእኔ ተወው፣ ያደግኩበት ነው።

የሚያሳክከው ሱፍ መሆኑ አይደለም፤ የጠጉሩ ውፍረት ነው። ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ የሆነ ጠጉር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፣ ይወጋል። የሰው ፀጉር በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ለውስጥ ልብስ የሚውለው ሜሪኖ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 19.5 ይሆናል፤ ቆዳህን ሲነካ ተጣጥፎ ይተኛል። ስለዚህ እህትህ ከግራሙ ሌላ የማይክሮኑን ቁጥር ታንብብ፤ ጥሩ አምራች ይጽፈዋል። 18.5 ወይም ከዚያ በታች ካለ አንገትህ ምንም አይለው።

የእኛ የመንዝ በግ ሱፍ ሸካራ ነው፤ ጠጉርና ሱፍ ተቀላቅሎ ነው የሚበቅለው። ደብረ ብርሃን ላይ አዋሲ ከሚባል የውጭ የበግ ዝርያ ጋር ማዳቀል ሁሉ ተሠርቶበታል። ለገላ አይሆንም እንጂ ለላይ ማን ይችለዋል? በርኖስ የለበሰ ሰው ዝናብ እየወረደበት እረኝነት ሲውል አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ባና ለብሶ ያደረንም ሰው ውርጭ አይደፍረውም። ፈትሉም ሽመናውም እዚያው ነው። ሱፍ እርጥብ ሆኖ እንደሚያሞቅ ለማወቅ የእኔ አገር ሰው ማስታወቂያ አላስፈለገውም ለማለት ያህል ነው።

---

ጋሽ_ካምቢዮ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:00

ልጆች፣ እናንተ እንደ አዲስ የምታወሩትን እኛ የለበስነው ነው። እነ ብስክሌት ጋላቢው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ለሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲሄዱ የውድድር ማሊያ ማለት የሱፍ ማሊያ ማለት ነበር። አገሩም አውስትራሊያ፣ ዛሬ የሜሪኖ ሱፍ በብዛት የሚመጣበት አገር ነው። ፈረንሳዊው ጋላቢ ሉዊዞን ቦቤ የቱር ደ ፍራንስ መሪ የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ሰው ሠራሽ ክር ገብቶበታል ብሎ አልለብስም እስከማለት የደረሰበት ጊዜ ነበር። በኋላ ናይሎኑ አሸነፈ፤ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ የድርጅት ስም ይታተምበታል። ሱፍም ጥፋት ነበረበት፤ ዝናብ ሲመታው የኋላ ኪሱ ሙዝህን እንደያዘ መቀመጫህ ድረስ ይወርድልሃል።

ስለ ነፋሱ ቀጭን ጎማ ያለው ልክ ነው። እኛ ሰደርያ ስላልነበረን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነበር መፍትሔያችን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሁለት ገጽ አጥፈህ ከማሊያው ሥር ደረትህ ላይ ትከታለህ። ከታች ስትደርስ አውጥተህ ትጥለዋለህ፣ ያልተነበበ ካለም ታነበዋለህ። አሁንም ይሠራል። አውሮፓ ውስጥ በትልልቅ ውድድር ላይ ሳይቀር ጫፍ ላይ ቆሞ ለጋላቢ ጋዜጣ የሚያቀብል ሰው ነበር።

እጅህን ግን አትርሳ፣ ልጄ። ጣቱ የማይሰማው ሰው ፍሬን አይዝም። ያ መንገድ ደግሞ ሲኖትራክ የሚወርድበት ነው።

---

ሱሉልታ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:20

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ጋዜጣውን ነገ ጠዋት እሞክረዋለሁ። ጓንት አለኝ፣ ግን ስስ የጥጥ ነው፤ እሱንም እቀይራለሁ።

---

ሰንዳፋ_በጠዋት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1:15

የወንዶቹን ሁሉ አነበብኩ፤ ስለ ሁዲው ግን በደንብ የመለሰለት የለም። እኔ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ነው የምነዳው፤ ቅዳሜና እሁድ ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ስለዚህ ልናገር።

ሁዲ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለከተማ የተሠራው ነው፤ ሰፊ፣ ከፊት ትልቅ ኪስ ያለው፣ ኮፍያው ልቅ የሆነ። እሱን ለብሰሽ ቁልቁል ስትወርጂ ኮፍያው ነፋስ ይሞላና አንገትሽን ወደ ኋላ ይጎትታል። ኮፍያውን አድርገሽ ከኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት ስትዞሪ ደግሞ የምታዪው መንገዱን ሳይሆን የኮፍያውን ውስጥ ነው። ሲኖ ባለበት መንገድ ይሄ ቀልድ አይደለም። የፊት ኪሱ ውስጥ ስልክ ከገባ ጉልበትሽን እየመታ ይሄዳል።

ሁለተኛው ለስፖርት የተሠራው ነው። ኮፍያው ስስ፣ ጭንቅላት ላይ የሚለጠፍ፣ ጆሮና አገጭ የሚሸፍን፣ ከሄልሜት ሥር የሚገባ። የምጠቀመው እሱን ነው። ግን ከ200 ግራም በላይ ከሆነ ሄልሜቱን ያነሳዋል፤ የተነሳ ሄልሜት ደግሞ ስትወድቂ ይዞርብሻል። ከኋላ ያለችውን ማጥበቂያ ትንሽ ላላ አድርጎ ኮፍያውን ለብሶ መለካት፣ ጭንቅላትን ወደ ግራና ቀኝ መነቅነቅ፤ ሄልሜቱ ካልተንቀሳቀሰ ይሆናል። ለሴቶች፦ ሹሩባው ወፍራም ከሆነ ከኮፍያ ጋር አይገባም። ወደ ታች የወረደ ስስ ሹሩባ ወይም አንገት ላይ የሚጠልቅ ቱቦ ስካርፍ ይሻላል። እንዲያውም ብዙ ሰው ሁዲ የሚፈልገው ለጆሮውና ለአንገቱ ነው፤ ለዚያ ስካርፉ ብቻ በቂ ነው፤ ከሻንጣም ቦታ አይወስድም። እህትህ በኮቷ ኪስ ታመጣልሃለች።

ወፍራሙ የሜሪኖ ሁዲ ግን ይጠቅማል፤ ቆም ስትል። ሰንዳፋ ደርሼ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ስል ነው ከቦርሳዬ የማወጣው። ላብ ያለው ሰው መንዳቱን ሲያቆም ነው ብርድ የሚመታው። አንተ ቢሮህ ውስጥ ልትለብሰው ትችላለህ፤ ጠዋት ጠዋት ያ ሕንፃ ሁሉ ፍሪጅ ነው።

---

ቀጭን_ጎማ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1:50

@ሰንዳፋ_በጠዋት የስካርፉን ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ እህቴ። ሁዲውን ግን ለቢሮ ብሎ ከአውሮፓ ማስመጣት… ጋቢ ምን ሆነ?

---

ሰንዳፋ_በጠዋት | ማክሰኞ፣ ምሽት 1:58

ጋቢ ለብሶ ስብሰባ ይግባ? 😄

---

ቀጭን_ጎማ | ማክሰኞ፣ ምሽት 2:20

የቦርሳው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ችግር አለው። ስስ የሆነ 100% ሜሪኖ በቦርሳ ማንገቻ እየታሸ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ይጎፈራል፣ ቆይቶ ይቀደዳል። ስለዚህ ንጹሕ ሱፍ ካልሆነ ብለህ ድርቅ አትበል። መሃሉ ናይሎን ሆኖ ዙሪያውን ሜሪኖ የተጠቀለለበት ክር አለ፤ ከ85 እስከ 90 በመቶው ሱፍ የሆነው ማለት ነው። ቆዳህን የሚነካው ሱፉ ነው፣ የሚሸከመው ናይሎኑ። የትከሻው ስፌት ወደ ፊት ዞር ያለ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ማንገቻው አያቆስልህም። ከተቻለ ግን ላፕቶፑን ከመቀመጫው ኋላ ፖርታባጋሊዮ ላይ አስረው፤ ቦርሳ ጀርባህን ሲሸፍን የትኛውም ጨርቅ ላብ አያወጣም።

ለስም ያህል፦ አይስብሬከር 200 ኦአሲስ የሚባለው ንጹሕ ሱፍ ነው። ስማርትዉል ክላሲክ ቴርማል 250 ነው፣ ላንተ ይወፍራል። ዴካትሎን የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብርም ለተጓዥ የሚሠራቸው የሜሪኖ ካናቴራዎች አሉት፤ ሙኒክ ላይ እህትህ መጀመሪያ እዚያ ትግባ፣ ኪሷን አይጎዳም።

---

ብል_አሳዳጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ልብሱ ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ ማን እንደሚያጥበው ተስማሙ። የምሬን ነው።

የሱፍ ጠጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስታሸው ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ልብሱ ይኮማተራል፤ አንዴ ከሆነ አይመለስም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ በቀስታ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ። የእጅ ማሸት፣ ድንጋይ ላይ መምታት የለም። የዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እድፍ የሚያሟሟ ኢንዛይም ፕሮቲን ይበላል፣ ሱፍም ፕሮቲን ነው። ፈሳሽ የሱፍ ሳሙና ከሌለ የፀጉር ሻምፖ ይሠራል። በረኪና ደግሞ ጠብታም አይንካው፤ ሱፍን ነጭ አያደርግም፣ ያሟሟዋል።

አትጠምዝዘው። በፎጣ ጠቅልለህ ተጫነው፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ዘርግተህ አስተኛው። ገመድ ላይ ከሰቀልከው በራሱ ውሃ ክብደት ይረዝማል፤ የእኛ የቀትር ፀሐይም ለሱፍ አይሆንም።

ብል ላቡን ይወዳል። ብርዱ ሲያልፍ ሳታጥብ ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው፤ አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ በሚዘጋ ላስቲክ።

---

የመንዝ_ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:35

@ሱሉልታ_ማዶ አንድ ነገር ልጨምር። ሱሉልታ ሜዳ ስለሆነ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከኮረብታው ወርዶ እዚያ ይተኛል። ቤትህ በር ላይ ያለው ብርድ ከእንጦጦ ጫፉ ሊብስ ይችላል፤ ከፍታው ላይ ወጥተህ የሞቀህ ሲመስልህ መንዳትህ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስትወጣ በበረደህ ልክ አትልበስ። ደጃፍህ ላይ ትንሽ ካልበረደህ አበዛኸው ማለት ነው።

---

ሱሉልታ_ማዶ | ረቡዕ፣ ምሽት 1:30

ጋዜጣውን ዛሬ ሞከርኩት። ጋሼ፣ ደረቴ ላይ ልዩነቱ ጉድ ነው! አዲሱ ገበያ ላይ ሳወጣው አንዲት ባለ ጉሊት ሴትዮ «ምን ተሰምቶ ነው?» አሉኝ።

ለእህቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ 150 ግራም፣ ናይሎን የተቀየጠበት፣ እጅጌው ረጅም፣ ዚፕ ያለው አንድ። ስስ የሜሪኖ ቱቦ ስካርፍ አንድ። ሁለተኛውን ልብስ ገና አልወሰንኩም፤ ሰደርያ ወይስ ኮፍያው ከሄልሜት ሥር የሚገባው 200?

---

መርካቶ_ልጅ | ረቡዕ፣ ምሽት 1:44

ኮፍያ ያለውን አስመጣ፣ ሰደርያውን እዚሁ አሠራ። አሮጌ የዝናብ ጃኬት አለህ አይደል? ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው። እጅጌዎቹን ያንሳ፣ ጀርባውን ቆርጦ የማሊያ ወንፊት ጨርቅ ያስገባበት፣ ደረቱ እንዳለ ይቅር። ጀርባው ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ካስደረግክበት ማታ ስትመለስም ታይበታለህ።

---

ቀጭን_ጎማ | ረቡዕ፣ ምሽት 1:52

ይሄ ከእኔ ምክር ይሻላል። ተቀብያለሁ።

---

ሱሉልታ_ማዶ | ረቡዕ፣ ምሽት 2:05

ተስማማን በቃ። እህቴ ቁመትና መጠን ላክ ብላኛለች። እንደ ሹራብ ሰፋ ያለ ልበል?

---

ሰንዳፋ_በጠዋት | ረቡዕ፣ ምሽት 2:20

አይሆንም። ገላህ ላይ ካልተለጠፈ ላቡን አይስብም። ደረትህን በብብትህ ሥር ለካ፣ ሜትሩን ሳታላላ። እጅጌውን ደግሞ ቆመህ አትለካ፤ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠህ መሪውን ያዝና ሰው ከማጅራትህ እስከ እጅ አንጓህ ይለካልህ። ቆሞ የተለካ እጅጌ ስትጎነበስ ወደ ክርንህ ይሸሻል፣ ጀርባውም ይገለጣል። ጀርባው ረዘም ያለ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ቀዳዳ ያለው ካገኘች እሱን ታምጣ፤ ጓንቱ ሥር ይገባል።